ለእንቁጣጣሽ ካርድ የገዛነው የጌጠኛ ወረቀት ኪት፦ ወረቀቱ ግሩም ነው፣ ሌላው ግን ይቅር

የ2018 እንቁጣጣሽ ሲደርስ ካርድ በእጃችን እንስራ ብለን ከልጄ ጋር ኦንላይን አንድ የካርድ መስሪያ ኪት ገዝተን ነበር፣ ያየው ሰው ሁሉ ደሞ የት ገዛሽው፣ እንዴት ነው፣ ያዋጣል ወይ እያለ ስለጠየቀኝ እስቲ አንዴ ቁጭ ብዬ በደንብ ልፃፈው ብዬ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም እንዲህ አይነት ኪት የሚሸጠው ብዙ ነው፣ ውስጡ ያለውም ከሞላ ጎደል አንድ አይነት ነው፣ ስለዚህ የምላችሁ ነገር ለየትኛውም ይሆናል። ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ወረቀቱን ወድጄዋለሁ፣ በጣም ነው የወደድኩት፣ አብሮት የመጣው ሌላው ሌላው ነገር ግን ባይኖር ይሻል ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ድሮ ወረቀት ምናምን ስፈልግ ጆአን የሚባለው የእጅ ስራ እቃ ሱቅ ሄጄ በእጄ ዳስሼ ነበር የምገዛው፣ እሱ ግን በፈረንጆቹ 2025 ግንቦት ላይ ሱቆቹን በሙሉ ዘጋ፣ በዛ ላይ ነሐሴ ላይ ስራ ስለበዛብኝ ሌላ ሱቅ መዞር አልቻልኩም፣ በቃ ስልኬ ላይ ፎቶ አይቼ አዘዝኩ። ሳጥኑ በ4 ቀን መጣ። ውስጡ 6 በ6 ኢንች የሆነ ባለ 24 ወረቀት ፓድ አለ፣ ሁሉም ወረቀት በሁለት በኩል የታተመ ነው። ከዛ 12 ባዶ ካርድ፣ ካሬ ናቸው፣ ሲታጠፉ 5 በ5 ኢንች ይሆናሉ፣ ለነሱ የሚሆን 12 ፖስታ፣ አንድ ቱቦ ፈሳሽ ኮላ፣ በእንግሊዝኛ መልካም ልደት እና አመሰግናለሁ የሚሉ ስቲከሮች፣ እና አንድ ገፅ መመሪያ። ከታክስ ጋር 24 ዶላር ከፈልኩ።

ለምን እንቁጣጣሽ የሚለውን እዚህ የተወለዱ ልጆች ያሏችሁ ትረዱኛላችሁ። እኔ ያደግኩት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፣ እኛ ሴቶቹ አበባየሆሽ እያልን ስንዞር ወንድሞቼ ደሞ ከጳጉሜ በፊት ጀምረው ስዕል ይስሉ ነበር። በደብተር ወረቀት ላይ አበባ፣ ፊት ያላት ፀሐይ፣ አንዳንዴ መልአክ፣ የቀለም እርሳሱን ጫፍ በምራቅ እያረጠቡ እንዲደምቅላቸው፣ ከላይ "እንኳን አደረሳችሁ" ብለው ይፅፉበታል። በጠዋት ቤት ለቤት እያንኳኩ ስዕሉን ይሰጣሉ፣ ሳንቲም ወይ ዳቦ ይዘው ይመለሳሉ። ማቅለሙን የማግዛቸው እኔ ነበርኩ፣ በተለይ የአደይ አበባውን ቢጫ ለማንም አልሰጥም ነበር። ልጄ ይሄን ስነግራት "ታዲያ እኔስ ለምን አልሰጥም?" አለችኝ። 9 አመቷ ነው። እውነቷን ነው፣ ለምን አትሰጥም? ያን ቀን ነው ኪቱን ያዘዝኩት።

እሺ ወደ ወረቀቱ። ፓዱ ውስጥ 12 አይነት ዲዛይን አለ፣ ከያንዳንዱ ሁለት ሁለት። አንዱ ገፅ ሞቅ ያለ ነው፣ አበባ ወይ ትንንሽ ወፍ ወይ ዳይመንድ ያለው፣ ጀርባው ረጋ ያለ ነው፣ ነጠብጣብ ወይ ቀጭን መስመር። ቀለሞቹ ወይን ጠጅ፣ ሰናፍጭ ቢጫ፣ ቅጠልያ አረንጓዴ፣ ትንሽ ሰማያዊ፣ እና አንዱ ከሌላው ጋር እንዲሄድ ታስቦ ስለተሰራ አይናችሁን ጨፍናችሁ ብታወጡት እንኳን አይጣላም። ህትመቱ ጥርት ያለ ነው፣ በእርጥብ ጣት አሸት አድርጌ ሞክሬዋለሁ፣ አይለቅም። ውፍረቱም ልክ ነው፣ እንደ ስጦታ መጠቅለያ አይሳሳም እንደ ካርቶን ደሞ አይደርቅም፣ ሲቆረጥ ጫፉ አይተለተልም። ሽፋኑ ላይ አሲድ ፍሪ ይላል፣ እሱ የሚጠቅመው ወረቀቱ እንደ ጋዜጣ ቶሎ እንዳይበልዝ ነው፣ ሰው ለሚያስቀምጠው ካርድ ጥሩ ነገር ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ አቆራረጡ። መመሪያው አንድ ሙሉ ወረቀት ለአንድ ካርድ ለጥፉ ነው የሚለው። እንደዛ ካደረጋችሁ ፓዱ በ24 ካርድ ያልቃል፣ የተረፈው ቁራጭ ደሞ ቆሻሻ ውስጥ ነው። እኛ ግን ወረቀቱን በቀጭን በቀጭኑ፣ እንደ ጥብጣብ፣ አንድ አንድ ኢንች አድርገን ቆረጥነው። 6 ኢንች ወረቀት 6 ጥብጣብ ይወጣዋል። 4 የተለያየ ወረቀት ስትቆርጡ 24 ጥብጣብ ይሆንላችኋል፣ አንድ ካርድ ላይ 3 ብታደርጉ 8 ካርድ ማለት ነው፣ ከ4 ወረቀት። በዚህ ሂሳብ ፓዱ በሙሉ 48 ካርድ ይወጣዋል፣ ደሞ አንዱም ካርድ ካንዱ አይመሳሰልም ምክንያቱም ጥብጣቦቹን ጠረጴዛ ላይ ደባልቃችሁ እንደፈለጋችሁ ነው የምትመርጡት። ይሄን መመሪያው ላይ ለምን እንዳልፃፉት አይገባኝም፣ የፓዱ ትልቁ ጥቅም እኮ እሱ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ዲዛይኑ ላይ ላይና ታች ያለው ወረቀት አለ። ወፎች ያሉበትን ወረቀት አቅጣጫውን ሳላይ ቆረጥኩት፣ ካርዱ ላይ ቀጥ አድርገን ስናስቀምጠው ልጄ ዝም ብላ አየችውና "እማ፣ ወፎቹ ተኝተዋል" አለችኝ። እውነትም በጎናቸው ተኝተዋል፣ 6ቱም ጥብጣብ። ጥብጣቡን ቀጥ አድርጋችሁ የምታቆሙት ከሆነ ከላይ ወደታች ነው መቁረጥ፣ አግድም የምታስተኙት ከሆነ ደሞ ከግራ ወደ ቀኝ። ከመቁረጣችሁ በፊት ወረቀቱ ጀርባ ላይ በእርሳስ ቀስት ብታደርጉ ይበቃል። መቁረጫ በተመለከተ፣ በመቀስ አትሞክሩት፣ አንድ ኢንች የነበረው መጨረሻ ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ካተርና የብረት ማስመሪያ ይበቃል፣ ከስር ወፍራም ካርቶን አድርጋችሁ፣ ካተሩን ግን ልጅ አይያዝ። እኔ የሚንሸራተት ምላጭ ያለው የወረቀት መቁረጫ ከጓደኛዬ ተዋስኩ፣ ልጄ እሱን ራሷ ትጎትተው ነበር፣ ምላጩ ውስጥ ስለሆነ ጣት አያገኝም። አንድ ቀን ማታ ቁጭ ብላ 40 ምናምን ጥብጣብ ቆርጣ በቀለም በቀለሙ ደርድራ አስቀመጠችው።

የመጀመሪያዎቹን ካርዶች ግን አበላሸናቸው። የኪቱን ካሬ ካርድ አወጣንና ፊቱን በሙሉ በጥብጣብ ሞላነው፣ ክፍተት የለ ምን የለ፣ አበባው ከነጠብጣቡ ዳይመንዱ ከመስመሩ ጋር ተጨናንቆ አይን የሚያርፍበት ቦታ ጠፋ። እያንዳንዱ ወረቀት ለብቻው ቆንጆ ነው፣ አንድ ላይ ግን ጩኸት ሆነ። ያኔ አዲስ አበባ እማዬ ጋ በቪዲዮ ደውለን ነበር፣ ልጄ ለአያቷ ላሳያት ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አዞረችው። እማዬ መነፅሯን አስተካክላ አየችና "ውይ፣ ጥለት እየሰራችሁ ነው እንዴ?" አለች። እኔ እስከዛ ሰአት ድረስ አልታየኝም ነበር። ዳይመንድ ያለበት ወይን ጠጅና ቢጫ ጥብጣብ እኮ በቃ የቀሚስ ጥለት ነው! ከዛ ምን አለች፣ "ታዲያ ነጠላውን ምነው ጥለት ብቻ አደረጋችሁት? ነጭ ተዉለት እንጂ ልጄ፣ ነጩ እኮ ነው የሚያሳየው።" እማዬ ጥጥ ስትፈትል ነው ያደግኩት፣ ድሩንም ማጉንም ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ሸማኔው ጋ ይዛን ስትሄድ ጥለቱ ስንት ጣት ይሁን እያለች ስትከራከር አስታውሳለሁ። ሰፊ ጥለት ለሰርግ፣ ቀጭን ለዘወትር።

ስልኩን ዘግተን ከቁም ሳጥን የኔን ነጠላ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ልጄ ማስመሪያ አምጥታ ለካችው፣ ጥለቱ 3 ኢንች፣ ቀሪው ሁሉ ነጭ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ጥለቱም ራሱ አንድ ወጥ አይደለም፣ መሀል ላይ ሰፊው ዋናው አለ፣ በግራና በቀኝ ቀጭን ቀጭን መስመር አለ፣ በመሀላቸው ደሞ ነጭ ክር የምታህል ክፍተት አለች። ያቺ ክፍተት ናት ቀለሞቹን የምትለያቸው። ከዛ በኋላ ያሉትን ካርዶች በሙሉ እንደዛ ነው የሰራናቸው። ነጭ ወረቀት ከስር፣ በላዩ 3 ጥብጣብ፣ መሀል ላይ ሞቅ ያለው ዲዛይን በግራና በቀኝ ረጋ ያለው፣ በየመሀላቸው የአንድ ኢንች ስምንተኛ ክፍተት፣ ሶስቱንም ወደ አንድ ጎን ጠጋ አድርገን ሌላውን ጎን ነጩን ተውነው። ልዩነቱ ይሄን ያህል ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። እዛው ኪት ውስጥ ያለ እዛው ወረቀት ነው፣ ካርዱ ግን የኛ ሆነ። አንዳንዶቹ ላይ ልጄ ከቢጫው ወረቀት አደይ አበባ እየቆረጠች ነጩ ላይ አንድ አንድ ለጠፈች፣ አንድ ብቻ፣ ሁለት ስታደርግ ራሷ "አይ በዛ" ብላ አነሳችው።

ስለ ኮላው ልናገር። ኪቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ኮላ ውሃ የበዛበት ነው። ወረቀት ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ደሞ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ለጥፋችሁ ቆንጆ ነው ብላችሁ ትተኛላችሁ ጠዋት ስትነሱ ካርዱ እንደ ቅጠል ተጠቅልሎ ይጠብቃችኋል። ሁለት ካርድ በዚህ ሄደብን። ግዴታ ፈሳሽ ኮላ ነው ያላችሁ ከሆነ ጠብታ ጠብታ አድርጋችሁ ብቻ ንኩትና ወፍራም መፅሐፍ ጭናችሁበት ይደር። የሚሻለው ግን በሁለት በኩል የሚለጥፈው ፕላስተር ነው፣ ቀጭኑ፣ እሱ ውሃ የለውም አይጠቀልልም። ችግሩ አንዴ ካሳረፋችሁት አለቀ፣ ማስተካከል የለም፣ ስለዚህ መጀመሪያ በእርሳስ በጣም ስስ መስመር አስምራችሁ ጥብጣቡን ከአንድ ጫፍ እያስያዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደታች ውረዱ። ጥብጣቡን ሆን ብላችሁ ትንሽ አስረዝሙት፣ ከነጩ ወረቀት ጫፍ ያለፈውን ሁሉም ከተለጠፈ በኋላ ባንዴ ቁረጡት፣ እንደዛ ከሆነ ጫፉ ሁሉ እኩል ይመጣል። ሶስቱን ለየብቻ ለክቶ ቆርጦ እኩል ማምጣት አይቻልም፣ ሞክሬዋለሁ።

ባዶ ካርዶቹ ናቸው ከሁሉም ያናደዱኝ። ወይን ጠጅና አረንጓዴ ናቸው፣ ስታዩዋቸው ደስ ይላሉ፣ ግን ቀለሙ ላይ ላዩን ነው የተቀባው ውስጡ ነጭ ነው፣ ስታጥፉት ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቅና ነጭ መስመር ይወጣል። አንድ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ሲዘጋ ጭራሽ ይላጣል። ይሄ የሚሆነው ወረቀቱ ስለሳሳ ብቻ አይደለም፣ ወረቀት ልክ እንደ እንጨት ክሩ የሚሄድበት አቅጣጫ አለው፣ በክሩ አቅጣጫ ካጠፋችሁት ለስልሶ ይታጠፋል በመስቀለኛው ካጠፋችሁት ይሰበራል። ለማወቅ ቀላል ነው፣ ወረቀቱን ሳታጥፉ በሁለት እጃችሁ ቀስ ብላችሁ ጎንበስ አድርጉት፣ መጀመሪያ በቁመቱ ከዛ በወርዱ፣ በቀላሉ እሺ የሚለው አቅጣጫ እሱ ነው። የኪቱን ካርዶች እንደዛ ብሞክራቸው 12ቱም በመስቀለኛው ነው የተሰሩት። ይሄ ለአምራቹ ምንም የማያስወጣ ነገር ነው፣ አዙሮ መቁረጥ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ የራሴን ነጭ ወፍራም ወረቀት ገዛሁ፣ 110 ፓውንድ የሚባለውን (የወረቀቱ ክብደት መለያ ነው)፣ 50 ወረቀት በ10 ዶላር። ተራው የአሜሪካ ወረቀት 8 ተኩል በ11 ነው፣ መሀሉ 5 ተኩል ላይ ስትቆርጡት ሁለት ይሆናል፣ እያንዳንዱን 4 ከሩብ ላይ ስታጥፉት 4 ከሩብ በ5 ተኩል የሆነ ካርድ ይወጣችኋል፣ ከአንድ ወረቀት ሁለት ካርድ፣ ምንም ሳይባክን። ከላዩ የሚለጠፈው ነጭ 4 በ5 ከሩብ ይሁን። ከማጠፋችሁ በፊት ማስመሪያ አድርጋችሁ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ወይ በቅቤ ቢላዋ ጀርባ መስመሩን አንዴ ተጭናችሁ ሂዱበት፣ ከዛ ስታጥፉት ራሱ መንገዱን ይዞ ይሄዳል። አዲስ አበባና አውሮፓ ያላችሁ ደሞ ኤ4ን ለሁለት ቁረጡና እጠፉት፣ 105 በ148 ሚሊሜትር ይመጣል፣ ሲ6 የሚባለው ፖስታ ልኩ ነው፣ ጥብጣቡን 2 ሳንቲሜትር ተኩል አድርጉት። እንዲህ አይነት ፓድ ባታገኙ ከመርካቶ የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ይሰራል፣ ግን ቀጭን ስለሆነ መጀመሪያ ሙሉውን ሌላ ጠንከር ያለ ወረቀት ላይ በስቲክ ኮላ ለጥፉትና ከደረቀ በኋላ ቁረጡት።

የፖስታው ነገር ደሞ። አንደኛ፣ ከኪቱ ጋር የመጣው ፖስታ ለባዶው ካርድ ነው ልኩ፣ ነጭ ወረቀትና ጥብጣብ ከለጠፋችሁበት በኋላ ሲገባ ይፋተጋል፣ አንዱን ስናወጣው የአደይ አበባዋ ቅጠል እዛው ቀረ። ሁለተኛና ዋናው፣ ካሬ ነው። ለእህቴ ሲያትል ልልክላት ፖስታ ቤት ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ሰራተኛ ካሬ ፖስታ በማሽን አያልፍም ተጨማሪ ቴምብር ያስፈልገዋል አለችኝ። ደንቡ ርዝመቱ ለቁመቱ ሲካፈል ከ1.3 እስከ 2.5 መሆን አለበት ነው፣ ካሬ 1 ስለሆነ ከዛ ውጪ ነው። 4 ከሩብ በ5 ተኩሉ ካርድ የሚገባበት ፖስታ ግን ለጥቂትም ቢሆን ያልፋል። ሰራተኛዋ በትህትና ስላስረዳችኝ አመሰግናታለሁ፣ ግን ይሄን ኪቱ ላይ ሊፅፉት ይገባ ነበር፣ ሰው ሳያውቅ 12ቱንም ሳጥን ውስጥ ቢጥላቸውስ? ነጩን ካርድ ከነፖስታው በኩሽና ሚዛን መዘንኩት፣ ወደ 20 ግራም ነው፣ አንድ አውንስ ማለት 28 ግራም ከምናምን ስለሆነ በአንድ ተራ ቴምብር ይሄዳል። ብቻ ውፍረቱ ከሩብ ኢንች አይለፍ፣ አዝራር ዶቃ ምናምን የምትለጥፉ ለዛ ተጠንቀቁ፣ እሱ በእጅ ለሚሰጥ ይሁን።

ስቲከሮቹን አልነካናቸውም። ለእንቁጣጣሽ የእንግሊዝኛ መልካም ልደት ምን ይሰራልኛል፣ ፅሁፉን ልጄ በእጇ ነው የፃፈችው። እዚህ ጋ ነው ያላሰብኩት ትልቅ ጥቅም የተገኘው። የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ስትሄድ ፊደል እየቆጠረች ነው የምትመለሰው፣ እዚህ ግን የምትፅፈው ለሚያነበው ሰው ስለሆነ ተጠንቅቃ፣ መጀመሪያ ሌላ ወረቀት ላይ እየሞከረች፣ "እንኳን" ላይ ያለችውን "ኳ" ስንቴ እንደፃፈቻት። እላይ ፎቅ ላሉት ጎረቤታችን እንኳን አደረሰሽ ብላ ፅፋ መጣች፣ እኔም አይ ለትልቅ ሰው አደረስዎ ነው አልኳት፣ ለምን አለችኝ፣ አስረዳኋት፣ ሄዳ እንደገና ፃፈችው። ለእማዬ በላክነው ላይ ደሞ "እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረሽ" ብለን ነው የፃፍነው፣ ማርቆስ መሆኑን እንኳን በስልክ የነገረችን ራሷ ናት። ጥብጣቦቹን ወደ ጎን አድርገን ነጩን መተዋችን እዚህ ላይ ጠቀመን፣ ረጅም ምርቃት የሚፃፍበት ቦታ አለው።

እንቁጣጣሽ ሐሙስ ስለዋለ ልጄ ትምህርት ቤት ነበረች፣ ከመጣች በኋላ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ህንፃው ውስጥ ያሉትን ሀበሾች በር እያንኳኳች ሰጠች። እላይ ፎቅ ያሉት እትዬ ካርዱን ተቀብለው ዝም ብለው ትንሽ አዩት፣ በጣታቸው ጥለቱን ዳሰስ አደረጉት፣ ከዛ "እደጊ ተመንደጊ የኔ እናት" ብለው ጉንጯን ሳሟት፣ ገብተው 5 ዶላር አምጥተው እጇ ውስጥ አስጨበጧት። አልቀበልም ብላ ወደኔ አየች፣ ተቀበይ አልኳት። ወንድሞቼ ሳንቲማቸውን ጨብጠው ሲመለሱ የነበረው ፊት ነው የታየኝ።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱትን በፖስታ አልላክኳቸውም፣ የቤተሰቦቼ የፖስታ ሳጥን ከተዘጋ ቆይቷል፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሰው ስትሄድ 6ቱን በአንድ ላይ ካርቶን መሀል አድርጌ ላክኩባት፣ አንዱም ሳይጎብጥ ደርሷል።

ሂሳቡን ልንገራችሁ። ከኪቱ 12 ካሬ ካርዶች 10ሩን ነው የተጠቀምነው፣ እነሱንም በእጅ ለሰጠናቸው ሰዎች። በራሴ ወረቀት 21 ሰራን። ሲደመር 31 ካርድ። ኪቱ 24፣ ወፍራም ወረቀቱ 10፣ 50 ፖስታ 9 ዶላር፣ ባጠቃላይ 43 ዶላር፣ ለአንዱ ካርድ 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም አይሞላም። ሱቅ ውስጥ አንዱ ካርድ 5 እና 6 ዶላር ነው፣ እሱም አማርኛ የለበትም። ደሞ ወረቀትና ፖስታው ገና ብዙ ይቀረኛል፣ ከፓዱም 6 ወረቀት ተርፎኛል፣ ለገና ወይን ጠጁንና አረንጓዴውን አስቀምጬዋለሁ።

ስለዚህ ግዙ ነው አትግዙ የምለው? ፓዱ ለብቻው የሚሸጥ ከሆነ እሱን ብቻ ግዙ፣ ይሸጣልም፣ እኔ በኋላ ነው ያየሁት፣ ከኪቱ በግማሽ ዋጋ። ለፓዱ ከ5 ኮከብ 5 እሰጠዋለሁ፣ ለባዶ ካርዶቹና ለኮላው 2 ይበቃቸዋል። ለስጦታ ለሌላ ሰው ልጅ የምትገዙ ከሆነ ኪቱን እንዳለ አትስጡ፣ ፓዱን፣ ነጭ ወፍራም ወረቀት፣ ፕላስተሩንና ፖስታ ሰብስባችሁ በራሳችሁ ሳጥን አድርጋችሁ ስጡ፣ ዋጋው ያው ነው ልጁ ግን አይበሳጭም። ከ7 አመት በታች ላለ ልጅ ቆርጣችሁ ስጡት፣ መደርደሩንና መለጠፉን ራሱ ይችለዋል።

አንድ የምፈልገው ነገር ደሞ አለ። በግዕዝ ፊደል "እንኳን አደረሳችሁ" የሚል የጎማ ማህተም፣ ካርድ ላይ የሚመታውን አይነት፣ የሚሰራ ሰው ካወቃችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ለልጄ አይደለም፣ እሷ በእጇ ትፃፍ፣ ለቤተክርስቲያን የልጆች ክፍል ነው፣ ለገና 60 ካርድ እንስራ ብለውኛል።